የማሽላ ፌስታል
(በማኅበራችን የምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

ኬሚስትሪ እንዴት ያስለቅሰኝ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ስለ ፕላስቲክ ላወራ መነሣቴ ቢያስቃችሁ አልቀየምም።

ያደግሁት በደሳ ነው። በልጅነቴ ጫት ከገበያ ወደ ቤታችን የሚመጣው በቅጠል ተጠቅልሎ ነበር፤ ቅጠሉን ፍየል ትበላዋለች፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። አሁን በፌስታል ሆኗል። ባለፈው ዓመት ቤተሰብ ጥየቃ ስሄድ አክስቴ ያሳረደችው ፍየል ሆድ ሲከፈት የተጠቀለለ ፌስታል ወጣ። «አንቺ ዶክተር፣ ይኼንንስ በምን ታክሚዋለሽ?» አለችኝ።

ሕጉስ አለ። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን የሚያግድ አዋጅ አጽድቋል። ግን በምን እንተካው?

አንዱ መልስ ደጃችን የሚበቅለው ማሽላ ውስጥ አለ። ከማሽላ ፕሮቲን አብዛኛው ካፊሪን የሚባለው ነው። ውሃ አይደፍረውም፤ ሞቅ ያለ አልኮል ግን ያሟሟዋል። ከዱቄቱ በአልኮል ለይተው ያወጡታል፣ እንዳይሰባበር ግሊሰሪን ይጨምሩበታል (ያው ከፋርማሲ የምናውቀውን)፣ ስስ አድርገው አፍስሰው ሲያደርቁት ሽፋን ይሆናል። አፈር ውስጥ ሲገባ ይበሰብሳል። የበቆሎው ዘመዱ ዜይን እ.ኤ.አ. ከ1821 ጀምሮ ይታወቃል፤ ሐሳቡ የትናንት አይደለም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ስሰማ ተናደድሁ። በምግብ እጥረት ሰውነቱ ያበጠ ሕፃን ታቅፋ የመጣችን እናት «ምን ታበይዋለሽ?» ስላት «የማሽላ ገንፎ» ትለኛለች። ከዚህ ላይ ነው ፕሮቲን የሚወሰደው? በኋላ ሳነብ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ማሽላ በውሃ ሲበስል ካፊሪኑ እርስ በርሱ ይተሳሰርና ለሆድ ያስቸግራል፤ ለልጅ ዕድገት የግድ የሚያስፈልገው ላይሲንም በውስጡ እጅግ ጥቂት ነው። ለሕፃኑ ሆድ የማይመቸው ያ ተሳስሮ የመጠንከር ጠባይ ለሽፋኑ ይጠቅመዋል።

ይህን ስል እህሉን ለፋብሪካ እንስጥ ማለቴ አይደለም። ከሌማት ወርዶ ፌስታል የሚሆን ከሆነ እኔው ራሴ ተቃዋሚ ነኝ። ከተረፈ ምርት ይሁን፣ ከፋጉሎ፣ ከቢራ አተላ፣ የሚሉ አሉ። እሱም እኮ ባለቤት አለው፤ ሰንጋው በምን ይደልባል?

ስለዚህ ፌስታሉን ለጊዜው ትቼ ትንሽ ነገር አስባለሁ፤ የቡና ችግኝ የሚፈላበትን ከረጢት። ጥቁሩ ላስቲክ በተከላ ጊዜ ይቀደድና ማሳው ላይ ይቀራል። የፕሮቲኑ ግን ከችግኙ ጋር ይቀበራል፣ ሲበሰብስም ናይትሮጅኑ ለአፈሩ ይሆናል። ለዚህ የሚበቃ ጥቂት አተላ ቢነሳበት ሰንጋው አይቀየምም። ችግሩ እርጥበት ነው። በየጊዜው ውሃ የሚጠጣ ከረጢት ችግኙ ለተከላ ሳይደርስ ሊላላ ይችላል። ስንት ወር ይቆያል? ምን ቢጨመርበት ይጠነክራል? ይህን ከሐኪም አትጠብቁ። ግብርና የተማራችሁት እዚያ ጥግ ተቀምጣችኋል፣ አያችኋለሁ።

የመሞከሪያ ቦታ አለኝ፤ የአክስቴ ጓሮ። ነግሬያት ተስማምታለች። «አዲሷ ፍየል እንዳትደርስበት ብቻ አጥሩት» ብላለች።