ስለ ሕዝብ መጸዳጃ ቤት በቀርከሃ መታደስ

ለቆቦና ለራያ ቆላ መምህራንና ሽማግሎች የተነገረ



በኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍ፤ የእስራኤል ሠራዊት ከሰፈሩ ውጭ የተለየ ስፍራ እንዲኖረው፤ እያንዳንዱም ሰው መቈፈሪያ ይዞ እዳሪውን በአፈር እንዲከድን ታዝዟል። ሕጉ ለበረሓ ሰዎች የተሰጠ ቢሆንም ለራያ ቆላም የሚያስፈልግ መሆኑን የአገሩ ጎርፍ ይመሰክራል። ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣልና፤ በዛፍ ሥር የተጣለው ሁሉ በመጀመሪያው ዝናብ ተጠርጎ ወደ እርሻውና ወደ ውኃው ጉድጓድ ይደርሳል።

ከጎርፉም የሚብስ ዝንብ ነው። ትራኮማ የሚባለውን የዐይን ማዝ የሚያስተላልፈው ዝንብ የሚራባው በሜዳ ላይ በተገለጠ የሰው እዳሪ ነው፤ በመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ግን እምብዛም አይራባም። የአማራ ክልል በዚህ በሽታ እጅግ ከተጎዱት የኢትዮጵያ ክፍሎች አንዱ ነው። በሕፃንነቱ ደጋግሞ የያዘው ሰው በጎልማሳነቱ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውረዋል።

ሰው ለጥላና ለዕረፍት በሚሰበሰብበት የደን መናፈሻ ያለው መጸዳጃ ቤት በሩ ሲወድቅና ግድግዳው ሲፈርስ፤ ሕዝቡ ወደ ዛፉ ሥር ይመለሳል፤ ሴቶች ልጆችም እስኪመሽ ይታገሣሉ። ማደስ የሚጀመረው ግን ከግድግዳው ሳይሆን ከጉድጓዱ ነው። ጉድጓዱ ከአፉ እስከ አንድ ክንድ ድረስ ከሞላ በአፈር ተደፍኖ ሌላ ይቈፈራል፤ አዲሱም ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

የአገራችን ቀርከሃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በእንጅባራና በአዊ ደጋ የሚተከለው፤ ውስጡ ክፍት የሆነው ነው። ሁለተኛው ሸመል የሚባለው፤ የቆላ ሰው በትር አድርጎ የሚይዘው ድፍኑ ነው፤ እርሱም በመተከልና በአሶሳ በዱር ይበቅላል። የደጋው ለመሰንጠቅና ለመጠልጠል ይመቻል፤ ነገር ግን ደጋ የሚወድ ስለ ሆነ ለቆቦ ሜዳ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ለግድግዳው ጥልፍ ብቻ ተቈጥቦ ይገዛ፤ ምሰሶውና ማገሩ የአገሩ እንጨት ቢሆን ይበቃል። ሦስት ዓመት የሞላው፤ በበጋ የተቈረጠ ይመረጥ፤ ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳልና። ለነቀዝም በወራጅ ውኃ ጥቂት ሳምንት መንከር ይጠቅማል። ዋናው ጠላቱ ምስጥ ነው፤ አፈር የነካ ቀርከሃ ዕድሜ የለውምና፤ አንድ ክንድ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም። ምስማርም ይሰነጥቀዋልና በቃጫ ገመድ ወይም በሽቦ ይታሰር።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት፤ ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር የጤና ተመራማሪዎች አንድ ብልሃት አወጡ። ከጉድጓዱ ተነሥቶ ከጣራው በላይ አንድ ክንድ የሚወጣ ቱቦ ሠሩ። ነፋስ በቱቦው አፍ ላይ ሲያልፍ ሽታውን ይስባል፤ ዝንቡም ብርሃን ተከትሎ ሲወጣ በአፉ በተወጠረው የሽቦ ወንፊት ታግዶ ይሞታል። ይህ ቱቦ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጠልጥሎ፤ ወርዱ አንድ ስንዝር ሆኖ፤ በሲሚንቶ ሊለሰን ይችላል። የመቀመጫው ቀዳዳ ግን አይከደንም፤ ነፋሱ የሚገባው በእርሱ ነውና።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዝንቡ ወደ ቱቦው የሚሄደው ቤቱ የጨለመ እንደ ሆነ ነው፤ ቀርከሃ ሠሪው ግን ጥበቡን ለማሳየት ብርሃን የሚያሳልፍ ጥልፍ ይወዳል። ይህ ለመናፈሻው መቀመጫ ያማረ ነው፤ ለመጸዳጃው ግን ዝንቡን ወደ ደጅ የሚመልስ ነው። ስለዚህ ጥልፉ በውጭ ይታይ፤ በውስጥ ጭድ በተቀላቀለ ጭቃ ይመረግ፤ ሠሪው ጥቂት ቢያዝንም ይታገሣል።

የሴቶቹ ክፍል ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ይኑረው። በደጁም የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና፤ ሳሙና ቢታጣ አመድ ይቀመጥ። ውኃውን በየማለዳው የሚሞላው ሰው ቤቱ ከመታደሱ አስቀድሞ ይሾም፤ ደመወዙም በዚያው ቀን ይወሰን።