ልጆቻችንና ውሃ
(በቤር ሼቫ፣ ሃዒር ሃዓቲቃ፣ ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ውሃ ነው። «ቤር ሼቫ ውስጥ ደግሞ ምን ውሃ አለ?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ከሃዒር ሃዓቲቃ በታች ያለው ወንዝም አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ልጆቻችን ግን የሚውሉት እኛ ባለንበት ብቻ አይደለም። ክፍላቸው ወደ ብሬኻ ይሄዳል፤ ጓደኞቻቸው ወደ አሽቀሎን ባሕር ይወርዳሉ። ደረቅ ያልኩት ወንዝም ቢሆን በክረምት በኬብሮን ተራሮች ሲዘንብ፣ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ሊሞላ ይችላል። በኤፕሪል 2018 በናሐል ጻፊት ደራሽ ጎርፍ 10 ወጣቶችን እንደወሰደ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

በአገራችን ሳለን ከውሃ ርቀን አልኖርንም። መንደራችን ወንዝ አጠገብ የሚሠራው ለመጠጥ ብቻ ሳይሆን ለመንጻትም ነበር። ሆኖም ወንዙን የምናውቀው ቆመን እንጂ ዋኝተን አይደለም፤ ቢያንስ እኛ ሴቶቹ። ደራሽ ውሃ ከብትና ሰው ሲወስድ ያየ ሰው ልጁን «ውሃ አጠገብ እንዳትደርስ!» እያለ ያሳድጋል። እኔም እንዲሁ አሳደግሁ።

ልጄ 2ኛ ክፍል ሳለ ከክፍሉ ጋር ወደ ብሬኻ ሄደ። ማታ ቦርሳውን ስከፍት ፎጣው ደረቅ ነው። «ሆዴን አሞኝ ነበር» አለኝ። ቆይታ እህቱ እንደነገረችኝ፣ ጓደኞቹ ሲዋኙ እሱ ልብሱን ሳያወልቅ ዳር ተቀምጦ ነው የዋለው። መጀመሪያ አዘንኩለት። በኋላ ግን ደነገጥኩ፤ አፍሮ ከመቀመጥ ይልቅ «እኔም እችላለሁ» ብሎ ቢዘልስ ኖሮ? የእኔ ክልከላ ከውሃ አላራቀውም፤ ሳያውቅ ውሃ ዳር እንዲደርስ ነው ያደረገው።

የሚሰጥም ልጅ ይጮኻል ብለን እናስባለን። አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም። አፉ ብቅ ሲል አየር ለመሳብ እንጂ ለመጣራት ጊዜ የለውም፤ እጁንም አንስቶ ማወዛወዝ አይችልም። ከሩቅ ላየው የሚጫወት ይመስላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ ከ5 ዓመት በታች ነው።

ደግሞ ባሕር አያስፈልግም። ዓርብ ዓርብ ስፖንጃ ስንሠራ ባልዲውን ሞልተን በር ለመክፈት እንሄዳለን። ዳዴ የሚል ሕፃን ራሱ ከባድ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ከገባ መውጣት አይችልም። ባልዲውን ወዲያው ድፉት። ሕፃን ገንዳ ውስጥ ሲታጠብ ስልክ ቢጮኽ ይጩኽ።

ስለ ትምህርቱ፦ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2019 እንዳለው ከ1 ዓመት ጀምሮ ያለ የዋና ትምህርት አደጋውን ሊቀንስ ይችላል፤ በ4 ዓመታቸው ደግሞ ብዙዎቹ ለመማር ይደርሳሉ። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ መተንፈስን፣ በጀርባ መንሳፈፍን ይማራሉ። መፍጠን የኋላ ነገር ነው። በክንድ ላይ የሚነፋው ፕላስቲክ መጫወቻ ነው፤ አትመኑት። ልጁ ዋና ቢችልም እናንተ እጃችሁ በሚደርስበት ርቀት ሁኑ። ወንድና ሴት አብሮ መዋኘቱ ለሚከብዳችሁ፣ ለሴቶች ብቻ ሰዓት የሚለዩ ብሬኻዎች አሉና ጠይቁ።

ባሕር ስትሄዱ ማጺል፣ ማለት የዋና ጠባቂ፣ ያለበት ቦታ ብቻ ግቡ። ነጭ ባንዲራ ከሆነ መዋኘት ይቻላል፣ ቀይ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ክልክል ነው። ከማጺሉ ሥራ ሰዓት በኋላ አትግቡ፤ ሙቀቱ ያኔ ቢበርድም።

ሰው ሲሰጥም ካያችሁ ዋና ሳትችሉ ተከትላችሁ አትዝለሉ፤ ሁለት ሬሳ ይሆናል። ዳር ላይ ተኝታችሁ እንጨት አቀብሉት፣ ወይም የነጠላችሁን ጫፍ ወርውሩለት። ከወጣ በኋላ ውሃውን ላስተፋው ብላችሁ ዘቅዝቃችሁ አትወዝውዙት። የማይተነፍስ ከሆነ አፉ ላይ ትንፋሽ ስጡ፣ ደረቱን ተጫኑ፣ ሌላው ሰው በ101 ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም ይደውል። ቋንቋ አልችልም ብላችሁ አትቅሩ፤ ቦታውንና «ያልዳ» ወይም «ዬሌድ» የሚለውን መናገር ይበቃል።

የልጆቻችሁን የመዋኛ ቅጽ በዕብራይስጥ ስለሆነ ሳትፈርሙ ያስቀመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቡናው እስኪፈላ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አምጡት፣ አብረን እናነበዋለን።