የሰብዉፈር ሥፍራና የጎረቤት እንቅልፍ



በሐዋሳ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ከቢሮው ወጥቶ በሐይቁ ዳር ከተናፈሰ በኋላ፥ ከቤተሰቡ ጋር ሙዚቃ ቢሰማና ፊልም ቢያይ የተገባ ዕረፍት ነው። ለዚሁም ከደመወዙ ቈጥቦ ሆም ቴአትር የሚገዛው ሰው ጥቂት አይደለም። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ «ለፊልም ያምራል፤ ለሙዚቃ ግን ይደነፋል» የሚል ቅሬታ ይሰማል። የዚህም ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሰብዉፈሩ ሳይሆን የተቀመጠበት ሥፍራና የተሰጠው ልክ ነው።

ሰብዉፈር ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ሣጥን ነው። በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ተኩል ያህል ስለ ሆነ፥ ከብዙዎቻችን ሳሎን ይበልጣል። ስለዚህ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ በአንዱ ቦታ ይከማቻል፤ በሌላው ይጠፋል። ሣጥኑ በማዕዘን ሲቀመጥ ድምፁ ይገንናል፤ ነገር ግን አንዳንዱ ኖታ ብቻ ያለ ልክ ይጮኻል።

መላው ቀላል ነው። ሣጥኑን ራሳችሁ በምትቀመጡበት ወንበር ላይ አኑሩት፤ የባስ ጊታሩ ጎልቶ የሚሰማበትን ዘፈን ክፈቱ፤ በግድግዳው ሥር ጎንበስ ብላችሁ እየተዘዋወራችሁ አዳምጡ። ኖታው ሁሉ እኩል የተሰማበት ቦታ የሣጥኑ ቦታ ነው። ከዚያም ወፍራሙን ከቀጭኑ የሚለየውን ቁልፍ በ80 ኸርዝ ላይ አድርጉ፤ ሌሎቹ ስፒከሮች ትናንሾች ከሆኑ ጥቂት ከፍ ይበል። ከ0 ወደ 180 የሚለውጥ ማብሪያ ካለውም፥ ሁለቱንም ሞክራችሁ ድምፁ የሚሞላበትን ምረጡ።

ልኩን ግን በፊልም ሳይሆን በሙዚቃ አውጡ። ከበሮው ተመትቶ ወዲያው ዝም ሲል፥ በገናውም ከሣጥን ሳይሆን ከደርዳሪው እጅ የሚመጣ ሲመስል ልኩ ተገኝቷል ማለት ነው። ፊልም የራሱን ስንቅ ይዞ ይመጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. «የመሬት መንቀጥቀጥ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሲታይ፥ በአንዳንድ ሲኒማ ቤቶች ታላላቅ የወፍራም ድምፅ ሣጥኖች ተተክለውለት ነበር። ዛሬም 5.1 በሚባለው አሠራር ለነጎድጓድና ለፍንዳታ የተለየ መሥመር አለ፤ ይኸውም ከሌሎቹ 10 ዴሲቤል ከፍ ብሎ እንዲሰማ የተዘጋጀ ነው። እንግዲህ በፍንዳታ የለካ ሰው ሙዚቃውን ያበላሻል፤ በሙዚቃ የለካ ግን ሁለቱንም ያገኛል።

የቀረው የጎረቤት ነገር ነው። ወፍራም ድምፅ ግድግዳን ይሻገራል፤ የሚሻገረውም ዜማው ሳይሆን ድብደባው ነው። እኔ ራሴ አንድ ምሽት ፊልም አይቼ ባደርሁ በማግሥቱ፥ ጎረቤቴ የሆኑ እናት «ልጄ፥ በሌሊት የምትወቅጡት ቡና ለሠርግ ነውን?» አሉኝ። ስቄ ሳበቃ ባለቤታቸው ታመው እንቅልፍ ሳያገኙ እንዳደሩ ሰማሁ፤ ሳቄም ወደ ዕፍረት ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲያልፍ ሰብዉፈሩን አጠፋለሁ፤ ፊልሙ ያለ እርሱም ይታያል።

ክቡራን፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደ ተባለ፥ ሣጥኑን ስታስተካክሉ ከወንበራችሁ ብቻ አታዳምጡ፤ ከበር ውጭም ወጥታችሁ አዳምጡ።

ደኅና እደሩ።