በሰገር ጊዜ የተሠራ የፍቅር ድራማ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ ወጣቶች የፍቅር ድራማ እያየን እናንተ ሳሎን ስትገቡ ቻናል እንቀይራለን። ዛሬ ግን ከናንተ ጋር አብረን ልናየው ስለምንፈልገው አንድ ድራማ እንነግራችኋለን።

ስሙ «ፍቅር በኮሮና ዘመን» ነው። አሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሰገር ጊዜ ተሠርቶ፣ በኦገስት 2020 በቴሌቪዥን ታየ። 4 ክፍል ብቻ ነው ያለው። ያኔ እንደ ልብ ተሰብስቦ ፊልም መሥራት ስላልተቻለ፣ ጆአና ጆንሰን የተባለችው ደራሲ አብረው የሚኖሩ ተዋንያንን ይዛ በገዛ ቤታቸው እንዲቀረጹ አደረገች። ሠራተኞቹ ከሩቅ ሆነው ያግዟቸው ነበር። ዋናዎቹ ተዋንያን ሌስሊ ኦዶምና ኒኮሌት ሮቢንሰን በእውነትም ባልና ሚስት ናቸው።

ታሪኩ የወጣቶች ፍቅር ብቻ አይደለም። አንዲት ትልቅ ሴት ባሏ የሕሙማን መንከባከቢያ ውስጥ እያለ፣ 50ኛ የጋብቻ ዓመታቸውን አብራው ለማክበር ትታገላለች። እኛም በዚያ ዓመት በፔሳህ አያቶቻችንን ከበረንዳ በታች ቆመን ነው ሰላም ያልናቸው። ለቅሶ መድረስ እንኳ ቀርቶብን ነበር። ለኛ ሕዝብ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

የተለያዩ ባልና ሚስትም አሉ። ልጃቸው ከኮሌጅ ስትመጣ እንዳልተለያዩ ሆነው አንድ ቤት ይቀመጣሉ። በተዘጋ ቤት ግን ምን ይደበቃል? ልጅ ዝም ቢልም ይሰማል።

ከሁሉ በላይ ልባችንን የነካው የጄምስ ታሪክ ነው። ከሚስቱ ጋር ሁለተኛ ልጅ ስለመውለድ እያሰቡ ሳለ፣ አህመድ አርበሪ የተባለው ጥቁር ወጣት ጆርጂያ ውስጥ ሲሮጥ የተገደለበትን ቪዲዮ ያያል። ከዚያ በኋላ ልጅ ወደዚህ ዓለም ማምጣት ያስፈራዋል። እናቶቻችን ማታ ስንወጣ «ስትደርስ ደውል» የሚሉን ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ በደንብ ገባን። ለኛ ቁጣ ይመስለን የነበረው ፍቅር ነው።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ አንድ ማታ አብረን እንየው። እኛ እንግሊዝኛውን እያቆምን ወደ አማርኛ እንመልስላችኋለን። እናንተ ደግሞ በሰገሩ ጊዜ እንዳንፈራ ብላችሁ ያልነገራችሁንን ንገሩን። አሁን አድገናል፣ እንሰማለን።