ዘሩን የያዘው ገበሬ ነው
(በላስ ቬጋስ፣ ሮድስ ራንች በተባለው ሰፈር ተሰብስበው ለነበሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ሌሊቱን በታክሲና በሆቴል ሥራ አሳልፋችሁ፣ ዕንቅልፋችሁን ሳትጨርሱ ወደዚህ ስብሰባ እንደ መጣችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ጊዜያችሁን በከንቱ እንዳላባክን እጠነቀቃለሁ። የምናገረው ስለ ባላገሩ፣ ስለ መሬቱና ስለ ዘሩ ነው። ነገሩ ለኛ ሩቅ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ከመካከላችን አባቱ ወይም አያቱ ሞፈር ያልጨበጠ ስንት ሰው እንዳለ እያንዳንዱ ራሱን ይጠይቅ።

ወደዚህ ስንመጣ በመንገድ ላይ ያየነውን የጎልፍ ሜዳ አስቡት። በዓመት መቶ ሚሊ ሜትር የሚያህል ዝናብ ብቻ በሚዘንብበት በረሓ ሣሩ ለምልሞ ይታያል። የዚህ አገር ውሃ አብዛኛው የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ ከሚድ ሐይቅ ነው። ሐይቁ እየጐደለ ስለ ሄደ የኔቫዳ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ሕግ አውጥቶ ከ2026 መጨረሻ በኋላ፣ ከመኖሪያ ቤቶች ግቢ በቀር፣ ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣር በወንዙ ውሃ እንዳይጠጣ ከልክሏል። ሀብታም አገር እንኳ ተፈጥሮ ያበደረችውን መቍጠር ግድ ሆኖበታል ማለት ነው። በደብረ ብርሃን አካባቢ ግን በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይወርዳል፤ ሆኖም ገበሬው ይራባል። እንግዲህ የረኀቡ ምክንያት ሰማዩ ብቻ አይደለም።

ከኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ይህን አውቀው ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ወጥተው «መሬት ላራሹ» ያሉት፣ ገበሬው ያመረተውን ባለርስትና ጉልተኛ እየተካፈለ ራሱ ባዶ እጁን እንደሚቀር ስለ ተረዱ ነው። ጥያቄው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መልስ አገኘ። ጭሰኝነት ተሻረ፤ አንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሔክታር የበለጠ እንዳይዝ ተወሰነ። ይህ በታሪካችን ታላቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር። የጉልተኛው ቀንበር በወደቀበት ጫንቃ ላይ የኮታ ቀንበር ተጫነ። ገበሬው እህሉን መንግሥት በቈረጠለት ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ፤ ይህም እስከ 1982 ዓ.ም. ቈየ። መሬቱም በልጅ በልጅ ልጅ እየተከፋፈለ ዛሬ የብዙው ገበሬ ይዞታ ከአንድ ሔክታር ያንሳል። ስለዚህ የኛ ትውልድ ጥያቄ «መሬቱ የማን ነው?» ከሚለው አልፎ «በዚህች በጠበበች መሬት ላይ አንድ ቤተ ሰብ አፈሩን ሳይጨርስ ተከብሮ የሚኖረው እንዴት ነው?» የሚል ሆኗል። እኔ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛው ዘር ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ለመጨረስ ጥቂት ወር ስቀር ለሥራ ልምምድ ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ ተላክሁ። በዚያ ያሉ ገበሬዎች ጥቁር ገብስ፣ ነጭ ገብስ፣ ሰነፍ ቆሎ እያሉ ልዩ ልዩ ዘር ይዘራሉ፤ አንዳንዱንም ቀላቅለው ይዘሩታል። እኔ የተማርሁት ቅልቅል ዘር የኋላ ቀርነት ምልክት ነው የሚል ነበርና፣ አንድ ዓይነት የተመረጠ ዘር ብቻ እንዲዘሩ ቤት ለቤት እየዞርሁ ሰበክሁ። አንድ ሽማግሌ ጭብጥ ገብስ ከጎታ አውጥተው አሳዩኝና፣ «ልጄ፤ ያንተ ዘር ለመልካም ዓመት ነው፤ የኔ ግን ለክፉም ዓመት ነው» አሉኝ። እኔም በልቤ ሣቅሁ። ጎረቤታቸው ግን ወጣት ስለ ነበረ የኔን ቃል ሰምቶ ማሳውን ሁሉ ባንድ ዘር ሸፈነ። በጥቅምት ውርጭ ወረደ። የሽማግሌው ማሳ ገሚሱ ሞተ፣ ገሚሱ ተረፈ፤ የወጣቱ ማሳ ባንድ ሌሊት ነጣ። ለከርሞ የሚዘራውን ለመግዛት አንዱን በሬውን ሸጠ። እኔ ግን ሪፖርቴን ጽፌ ጥሩ ማርክ አገኘሁ። በሬውን ከሸጠው ሰውና ማርክ ካገኘው ሰው ማን የበለጠ እንደ ተማረ እናንተው ፍረዱ።

ይህ የሽማግሌው ብልኀት ተረት አይደለም። በትግራይ ስንዴና ገብስ ቀላቅለው ሐንፈጽ ብለው የሚዘሩት፣ አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲያወጣ አስበው ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ዞሮ ባየ ጊዜ የስንዴውና የገብሱ ዓይነት መብዛት አስደንቆት፣ ኢትዮጵያን በዓለም ላይ የአዝርዕት መገኛ ከሆኑት ጥቂት ቦታዎች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። ከዚህ ከኛ ጎረቤት ከካሊፎርኒያም ምስክር አለ። የገብስን ቅጠል የሚያቢጭና ቁመቱን የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ የካሊፎርኒያን ገበሬዎች ባስቸገረ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋመው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። የዚህ አገር አርቢዎች ያንን ባሕርይ ወስደው ለገበሬዎቻቸው አዲስ ዘር አወጡ። ያን ገብስ ከትውልድ ወደ ትውልድ ጠብቀው ያቈዩት፣ በጎታ አስቀምጠው፣ በዐመድ ለውሰው፣ ለዘር የሚሆነውን እሸት በእጃቸው የመረጡት እናቶቻችን ናቸው። ስማቸው በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም።

ይህን የተረዳ አንድ ሰው ነበረን። ዶክተር መላኩ ወረደ እንደኛው ወደ አሜሪካ መጥተው፣ በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1972 የዶክተርነት ማዕረግ አግኝተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ርዳታ የተቋቋመውን የአዝርዕት ዘር ማእከል ከ1979 እስከ 1993 መሩ። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን እስከ መብላት በደረሰ ጊዜ፣ ባልደረቦቻቸው የሚጠፋውን ዘር በየገጠሩ እየዞሩ ሰበሰቡ። ዶክተር መላኩ ግን ዘሩን በማቀዝቀዣ ቈልፎ ማስቀመጥ ብቻውን እንደማይበቃ ተገነዘቡ፤ ዘር በማሳ ላይ ካልኖረ ከጊዜው ጋራ አብሮ መለወጡ ይቀራልና። ስለዚህ በሸዋና በወሎ ከገበሬዎች ጋራ ሆነው የአገሩን ዘር እዚያው በገበሬው ማሳ እያስመረጡና እያሻሻሉ መለሱት። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንደ ጨፌ ዶንሳና ኤጀሬ ባሉ ቦታዎች የቆሙት የገበሬዎች የዘር ጎተራዎች የዚያ ሐሳብ ፍሬ ናቸው፤ ገበሬው ዘር ተበድሮ በመከር ይመልሳል።

ሁለተኛው አፈር ነው። ማዳበሪያ በመርከብ ተጭኖ ከውጭ ይመጣል፤ ዋጋው በዓለም ገበያ ሲንር የሸዋና የጎጃም ገበሬ ይመታል። በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ማዳበሪያው በጊዜ ሳይደርስ ቀርቶ ገበሬው እንዴት እንደ ተጨነቀ ከየቤተ ሰባችሁ ሰምታችኋል። እኔ ማዳበሪያ አያስፈልግም አልልም፤ ያስፈልጋል። ነገር ግን እስትንፋሱን በሰው እጅ ያደረገ ሰው ነጻ አይደለም። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና የሥራ ጓደኞቻቸው ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ ከትግራይ ገበሬዎች ጋራ ባደረጉት ሥራ፣ በኮምፖስት የዳበረ ማሳ ምንም ካልተጨመረበት ማሳ እጥፍ ያህል ምርት እንደሚሰጥ፣ በፋብሪካ ማዳበሪያ ከለማውም እንደማያንስ አሳይተዋል። ኮምፖስት ጉልበት ይጠይቃል፤ ከብት፣ ፍግና ቅጠልም ይፈልጋል። ኩበቱ ለማገዶ በሚነድበት ቤት ፍግ ለማሳ አይተርፍም። ስለዚህ የአፈር ነገር የማገዶ ነገር፣ የማገዶ ነገር የዛፍ ነገር ነው፤ አንዱን ነጥሎ ማከም አይቻልም።

እዚህ ላይ የመንዝን ጓሳ ላንሣ። የጓሳን ሣር የአካባቢው ሕዝብ ቄሮ በተባለ የአባቶች ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል። አለቃ ይመርጣሉ፤ ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ብቻ ከፍተው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለግጦሽ ይጠቀማሉ። የ1967ቱ አዋጅ በወጣ ጊዜ ይህ ሥርዓት ከአሮጌው የርስት ሥርዓት ጋራ አብሮ ፈረሰ፤ ሜዳውም ለሁሉ ተከፍቶ ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ መክሮ ጥበቃውን መለሰ፤ ዛሬ ጓሳ በሕዝቡ የሚጠበቅ ክልል ሆኗል። ከዚህ ሁለት ትምህርት አገኛለሁ። የመጀመሪያው፣ ገበሬው የጋራ ሀብትን መጠበቅ የሚያስተምረው አያሻውም። ሁለተኛው፣ እኛ ተማሪዎች የጠየቅነው ትክክለኛ ለውጥ እንኳ የገበሬውን ብልኀት ሳያውቅ ሲመጣ አብሮ የሚያፈርሰው መልካም ነገር አለ።

ሦስተኛው መብትና ገበያ ነው። በአማራ ክልል ከእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ፣ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት እንዲሰፍር ተደረገ። ይህ ትንሽ ወረቀት ለብዙ ሴት ትልቅ ጋሻ ሆኗል። ነገ እንደማይነጠቅ ያወቀ ሰው ዛሬ እርከን ይሠራል፤ ዛፍም ይተክላል።

ስለ ገበያ ግን ከጤፍ የበለጠ ምሳሌ የለም። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋራ ስለ ጤፍ ውል ተፈራረመ፤ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትንም የራሱ ፈጠራ አድርጎ በአውሮፓ በፓተንት አስመዘገበ። ኩባንያው ከሠረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ቀረ፤ ኢትዮጵያም ከውሉ ያገኘችው ከምንም የማይቈጠር ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነገሩ ፈጠራ የለበትም ሲል በሆላንድ ውስጥ ፓተንቱን ሻረው። በዚሁ በኔቫዳም በሰሜን፣ በፋሎን አካባቢ፣ ውሃ የሚያንሰው ሰብል ስለ ሆነ ጤፍ የሚዘሩ ገበሬዎች አሉ። እነርሱን አልነቅፍም፤ ሠርተው የሚበሉ ገበሬዎች ናቸውና። የምጠይቀው፣ የአደአና የጎጃም ገበሬ ባቈየው ዘር ዓለም ሲበላ ለርሱ የሚደርሰው ምንድን ነው ብዬ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች እንዲህ ይሉኛል፤ «ሕዝባችን ከ120 ሚሊዮን በላይ ሆኗል፤ ከተማው እየሰፋ ነው፤ በሬና ማረሻ ይህን ሁሉ አይመግብም፤ ትራክተርና ሰፊ እርሻ ያስፈልጋል።» ክርክሩ ከባድ ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። ትራክተር በሚሠራበት ሜዳ ይሥራ፤ ገበሬዎችም ማሳቸውን አቀናጅተው በጋራ ይከራዩት። ነገር ግን አብዛኛው እህላችን ዛሬም የሚመጣው ከቤተ ሰብ ማሳ ነው። ይህን ገበሬ ነቅለን ወደ ከተማ ብንሰደው የሚቀበለው ፋብሪካ የት አለ? ሥራ ሳይዘጋጅ መሬት ማስለቀቅ ድህነትን ከገጠር ወደ ከተማ ማዛወር ነው እንጂ ዕድገት አይባልም።

ደግሞም ጊዜው የሰላም ጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ በተደረገው፣ በአማራና በአፋርም በተስፋፋው ጦርነት የገበሬው በሬ ታርዷል፤ ጎተራው ተዘርፏል። በአማራ ክልልም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሌላ ጦርነት ተቀሰቀሰ። ጎተራ ሲቃጠል የሚቃጠለው የዓመት ቀለብ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ትውልድ የመረጠው ዘር ነው። በየትኛውም ወገን ብንቆም፣ የገበሬው ዘርና በሬ እንዳይነካ በአንድ ድምፅ መናገር ይገባናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከአቅማችን የማያልፍ ሦስት ነገር ላመልክት።

የመመረቂያ ጽሑፍ የምንጽፍ ተማሪዎች፣ ስለ ገበሬው የጻፍነውን በገበሬው ቋንቋ በጥቂት ገጽ አሳጥረን ወደ ተጠናበት ቀበሌ እንላክ። እርሱ ጊዜውንና ዕውቀቱን ሰጥቶን፣ እኛ ማዕረግ ይዘን መጥፋታችን ከሲሶ አራሽነት በምን ይሻላል?

ሠራተኞች የሆናችሁ ወገኖች ዕቁብ አላችሁ። በዓመት አንድ ዕጣ ለአንድ ቀበሌ የዘር ጎተራ ቢውል ብዙ ቤት ከአራጣ ይድናል። ነገር ግን ጎተራውን ገበሬዎች በመረጧቸው ሰዎች እጅ እናድርገው፤ ከነዚያም መካከል ዘር የሚያውቁት ሴቶች ይኑሩ። በበሩ ላይ የኛ ስም አይለጠፍ።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ከመካከላችን መመለስ የሚችል ይመለስ። መመለስ የማይችል አለ፤ እርሱን አልወቅሰውም። የሚመለሰው ግን እንደኔ ሊሰብክ አይሂድ። አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ያዳምጥ፤ ከዚያ በኋላ ያወቀውን ይጨምር።

ለዚያ በሬውን ለሸጠ ወጣት እስከ ዛሬ ድረስ ይቅርታ አልጠየቅሁትም። የትምህርቴ ጊዜ ሲያበቃ መጀመሪያ የምሄደው ወደ እርሱ ቤት ነው። ከዚያም ወደ ጎረቤቱ ሽማግሌ እሄዳለሁ፤ በሕይወት ካሉ የዚያን ገብስ ነገር እንደገና እንዲነግሩኝ እጠይቃቸዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን ደብተር ይዤ ነው።

መሬት ላራሹ ተብሎ ነበር፤ ተገቢም ነበር። ዛሬ ደግሞ ዘሩም፣ ዕውቀቱም፣ ዋጋውም ላራሹ እንበል።