የርካሽ ትኬት ሥጋት፦ ከጣርማ በር እስከ ቦሌና ከዚያ ማዶ

(በደብረ ሲና ከተማ የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



አውሮፕላን ማረፊያ በሌላት ከተማ ስለ አየር ጉዞ መናገር እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ደብረ ሲና የመንገደኛ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የተቀመጠች፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ የወረደ ሁሉ እግሩን የሚያፍታታባትና ቆሎ የሚገዛባት ናት። ዛሬ ከዚህ መናኸሪያ ከሚሳፈረው ሰው መካከል የመጨረሻ መድረሻው ሪያድ፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት የሆነ አይጠፋም። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

የዛሬው ርእሴ መነሻ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ጥያቄ ነው፦ በርካሽ ትኬት የሚበርር አውሮፕላን ያስተማምናል ወይ? ጥያቄውን ከተማሪዎቼ ሰምቼዋለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን የሰማሁት ከዐረብ አገር ከተመለሱ እኅቶች ነው። ከእነርሱ አንዷ የነገረችኝን ላስቀድም። ትኬቱ የደረሳት በስልኳ ነው፤ የላከው ወኪሉ ነው። የአየር መንገዱን ስም ያወቀችው ቦሌ ከደረሰች በኋላ ነበር። ሻንጣዋ ከተፈቀደው ኪሎ በለጠ ተባለና መሬት ላይ ተከፍቶ በርበሬውና ሽሮው ወጣ፤ ከፊሉን ሸኚዎቿ ይዘውት ተመለሱ። ከተሳፈረች በኋላ ምግብ የሚሸጥ እንጂ የሚታደል አልነበረም፤ እርሷ ደግሞ ከብር በቀር ገንዘብ አልያዘችም። እናቷ የቋጠረችላትን ቆሎ እየቆረጠመች ሳለ አንድ ሐሳብ መጣባት፦ ለምግብ የሳሳ ለብሎንም ይሳሳል።

ይህን አባባል እንደ ፍርሃት ብቻ ማለፍ አይገባም፤ ትክክለኛ የምርምር ጥያቄ ነው። ተሳፋሪው የሞተሩን ሆድ ሊያይ አይችልም። የሚያየው ወንበሩን፣ ምግቡንና የአስተናጋጁን ፊት ነው፤ ከሚታየው ተነሥቶ የማይታየውን ይገምታል። ጆሮውም እንዲሁ ያደርጋል። በኤርባስ 320 የተጓዛችሁ ካላችሁ፣ አውሮፕላኑ ከመንቀሳቀሱ በፊት ከወለሉ በታች ውሻ የሚጮህ የመሰለ ድምፅ ሰምታችሁ ይሆናል። በሁለት የሃይድሮሊክ መስመሮች መካከል ግፊት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ድምፅ ነው፤ ጤነኛ ድምፅ ነው። ብዙ ሰው ግን በዚያች ቅጽበት ጸሎት ይጀምራል።

ለመሆኑ ትኬቱ የሚረክሰው ከየት ተቀንሶ ነው? አሜሪካዊው ሳውዝዌስት እ.ኤ.አ. በ1971፣ የአየርላንዱ ራያንኤር በ1985 በረራ ጀመሩ። ዘዴያቸው በአብዛኛው ግልጽ ነው። አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ ይይዛሉ፤ ስለዚህ መለዋወጫውም፣ የቴክኒሻኑና የአብራሪው ሥልጠናም አንድ ዓይነት ይሆናል። አውሮፕላኑ አርፎ እንደገና እስኪነሣ 25 ደቂቃ ያህል ብቻ መሬት ላይ ያቆዩታል፤ ቆሞ የዋለ አውሮፕላን ገቢ አያስገባምና። ወንበር ያጠጋጋሉ፣ ለሻንጣና ለምግብ ለየብቻ ያስከፍላሉ፣ ኪራዩ ርካሽ በሆነ ማረፊያ ያርፋሉ። ከእነዚህ ውስጥ ክንፉን የሚነካ የለም። ውጤቱም ይህንኑ ይመሰክራል፦ በራያንኤር በረራ ላይ በአደጋ ሕይወቱን ያጣ ተሳፋሪ የለም፤ በሳውዝዌስትም በአደጋ ምክንያት ተሳፋሪ የሞተው ሥራ ከጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2010 ዓ.ም. ነው፤ እርሱም አንድ ሰው። እንግዲህ ከምግቡ ወደ ብሎኑ የተሄደው መንገድ ቀጥተኛ አይደለም።

ነገር ግን ቁጠባው ተሳፋሪው በማያየው ቦታ የገባባቸው ጊዜያት አሉ። በግንቦት ወር 1988 ዓ.ም. ቫሉጄት የተባለው የአሜሪካ ርካሽ አየር መንገድ አውሮፕላን ፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ ወድቆ 110 ሰዎች ሞቱ። የጥገና ሥራው ለሌላ ኩባንያ በኮንትራት ተሰጥቶ ነበር፤ የዚያ ኩባንያ ሠራተኞች የኦክስጅን ማመንጫዎችን የመከላከያ ክዳን ሳይገጥሙላቸው በትክክል ባልተጻፈ ምልክት ላኩአቸው፤ በዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ እሳት ተነሣ። የምርመራው ቦርድ ኩባንያዎቹን ብቻ ሳይሆን ተቆጣጣሪውን መንግሥታዊ አካልም ተጠያቂ አድርጓል። በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ኤርኤዥያ አውሮፕላን ጃቫ ባሕር ውስጥ ገብቶ 162 ሰዎች አለቁ። የመነሻው ብልሽት በአንድ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ የነበረ የተሰነጠቀ ብየዳ ነው፤ ይኸው ብልሽት በዚያው አውሮፕላን ላይ ባለፉት 12 ወራት 23 ጊዜ ተመዝግቦ ነበር። የመጨረሻው ጥፋት ብልሽቱን ለማስተካከል ከተወሰደው ርምጃና አብራሪዎቹ ከሰጡት ምላሽ የመጣ ቢሆንም፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ያ 23 የሚለው ቁጥር ነው። ምግብ ቢታደል ባይታደል ተሳፋሪው ይህን ከየት ያውቀዋል?

አሁን ወደ ራሳችን ሐዘን ልመለስ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ35 አገሮች ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ አምስት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 19 ቀን፣ የዚሁ ሞዴል የሆነ ቦይንግ 737 ማክስ ከጃካርታ ተነሥቶ ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። የመጀመሪያው የላየን ኤር ነው፤ ላየን ኤር በርካሽ ትኬቱ የታወቀ ነው። ሁለተኛው የእኛ ነው፤ የእኛ ምግብም ያድላል፣ ሻንጣም ይቀበላል። ሁለቱን የጣለው ግን አንድ ነገር ነው፦ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚገፋ፣ በአንድ መለኪያ ንባብ ብቻ የሚመራ ሶፍትዌር። ከላየን ኤር አደጋ በፊት የዚህ ሶፍትዌር አሠራር በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም ነበር።

ለምን አልተገለጸም? መልሱ ከዛሬው ርእሳችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ባወጣው ሪፖርት እንደሚታየው፣ ቦይንግ ለሳውዝዌስት አንድ ቃል ገብቶ ነበር፤ አዲሱ ሞዴል ለአብራሪዎች የሲሙሌተር ሥልጠና የሚያስፈልገው ሆኖ ከተገኘ፣ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት። አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ ለሚይዝ ርካሽ አየር መንገድ ሥልጠና የማይጠይቅ አዲስ ሞዴል ከወርቅ ይበልጣል። አምራቹም ሥልጠና እንዳይጠየቅ የሚያደርገውን ሁሉ አደረገ፤ ላየን ኤር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 የሲሙሌተር ሥልጠና ይሰጠኝ ባለ ጊዜ የአምራቹ ሠራተኞች አያስፈልግም ብለው እንዳግባቡት በኋላ ይፋ የሆነው የውስጥ መልእክታቸው አሳይቷል። ያም ብቻ አይደለም። የሁለቱ መለኪያዎች ንባብ ሲለያይ ሊበራ የሚገባው ማስጠንቀቂያ፣ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበትን ሌላ መሣሪያ ባልገዛ ደንበኛ አውሮፕላን ላይ አይሠራም ነበር። ከቦሌ የተነሣው ተሳፋሪ ለርካሽ ትኬት አልከፈለም፤ የሌላ አህጉር የርካሽ ትኬት ሒሳብ ግን እርሱ በተሳፈረበት አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

የማክስን ታሪክ ያስረዘምኩት ስለዚህ ነው። ሥጋታችን በትኬቱ ዋጋ ላይ ከተተከለ ዓይናችን የሚያርፈው በተሳሳተ ቦታ ነው። መጠየቅ ያለበት ቁጠባው የት ቦታ እንደ ገባና ማን እንደሚቆጣጠረው ነው። ለተሳፋሪ ክፍት የሆኑ ጥቂት መስኮቶች አሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ወደ ሰማዩ እንዳይገቡ የከለከላቸውን አየር መንገዶች ዝርዝር ለሕዝብ ያወጣል፤ የዓለም አየር ትራንስፖርት ማኅበርም የደኅንነት ምርመራውን ያለፉትን ይዘረዝራል። ማየቱ አይከፋም። ይሁንና ላየን ኤር ከእገዳው ዝርዝር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነበር፤ አውሮፕላኑ የወደቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ በጉዳዩ ላይ የሚጻፉ አብዛኞቹ ጽሑፎች የሚዘሉትን ነገር ማንሣት እፈልጋለሁ። ጽሑፎቹ ተሳፋሪውን መራጭ አድርገው ይነሣሉ፤ አወዳድሮ ይገዛል ብለው ያስባሉ። ከላይ ያነሣኋት እኅት ግን አልመረጠችም። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የደርሶ መልስ የትራንስፖርት ወጪ የሚሸፈነው በአሠሪው ነው። ድንጋጌው ሠራተኛዋን ከዕዳ ለመጠበቅ የወጣ መልካም ድንጋጌ ነው፤ ነገር ግን ከፋዩ የማይሳፈር፣ ተሳፋሪዋ የማትከፍል ሆኑ። የሚከፍለው ወገን ርካሹንና ሌሊት የሚነሣውን ቢያስቀድም የሚደንቅ አይደለም። ትኬቱ የየትኛው አየር መንገድ እንደሆነ፣ ስንት ኪሎ እንደሚፈቅድ፣ በመካከል ስንት ሰዓት እንደሚያስቆይ ከመነሣቷ ቀናት በፊት በአማርኛ ተጽፎ ቢሰጣት ምን ያህል ፍርሃት በቀነሰ ነበር! የፍርሃቷ ትልቁ ክፍል አለማወቅ ነው፤ ይህን ለማስተካከል ደግሞ አዲስ አውሮፕላን መግዛት አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ከቦሌ ወደ ኋላ፣ ወደዚህ መናኸሪያ እንመለስ። የጉዞዋን ሁለት ክፍሎች አስተያዩልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በመንገድ ትራፊክ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል፤ ከሟቾቹ 92 በመቶ የሚሆኑት የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ስለዚህ ከደብረ ሲና ወደ ሪያድ በሚደረገው ጉዞ እጅግ አስጊው ክፍል ቀይ ባሕርን የሚሻገረው አይደለም፤ ከዚህ እስከ ቦሌ ያለው ነው። ሲሄዱ የጣርማ በር ዳገት፣ ሲመለሱ ቁልቁለቱ። ጉም በወረደ ጊዜ ከባድ መኪና ለመቅደም የሚወጣ ሚኒባስ፣ ከተፈቀደለት በላይ ሰው ጭኖ በቁልቁለቱ ፍሬን እንቢ ያለው፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ነጻ አድርጎ የሚለቀው። ልብ በሉ፤ ይህ የመጨረሻው ቁጠባ ከቫሉጄት ቁጠባ ጋር አንድ ዘር ነው። በከባድ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር ጊዜ ያወጣል፤ ያወጣው ግን ለተሳፋሪው ነው። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ አቅም ያለው የወሎ ሰው ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ሲሄድ የደብረ ሲና ሰው ያ አማራጭ አልነበረውም፤ በተከፈተችው ሰዓት በተገኘው መኪና መሳፈር ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ መናኸሪያው ውስጥ ዓይን የሚያየው ነገር እውነት ይናገራል። የተላጠ ጎማ የተላጠ ጎማ ነው። ትርፍ የተጫነ ሰው ይቆጠራል። አውሮፕላን ውስጥ ረዳት የሌለው ተሳፋሪ እዚህ ከነሙሉ ስሜቱ ዳኛ ሊሆን ይችላል። ታዲያ በኤርባሱ ጩኸት የሚጸልየው ሰው ሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራተኛ ሆኖ ተጣቦ ዝም የሚለው ለምንድን ነው? መኪናው ስለለመደው ይመስለኛል፤ ደግሞም ከወረደ ሌላ መኪና መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ። ሁለተኛው ምክንያት ስንፍና አይባልም።

የሕግ ተማሪዎች እዚህ እንዳላችሁ ስለተነገረኝ በካሳው ልጨርስ። ኢትዮጵያ የሞንትሪያል ስምምነት አባል ናት። በ2011 ዓ.ም. አደጋው ሲደርስ፣ በዓለም አቀፍ በረራ ለሞተ ተሳፋሪ አየር መንገዱ ጥፋት ተረጋገጠበትም አልተረጋገጠበትም የሚጠየቅበት ጣሪያ፣ የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ በሆነው ኤስዲአር 113,100 ነበር፤ ከ150,000 ዶላር በላይ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ለመጠየቅም በሩ ክፍት ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን አደጋ መድን አዋጅ ቁጥር 799 ደግሞ ለሞት የወሰነው ካሳ ከ5,000 ብር ያላነሰ፣ ከ40,000 ብር ያልበለጠ ነበር። ያችው ሴት፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጉዞ፣ ጣርማ በር ላይና ከደመና በላይ የተሰጣት ዋጋ ይህን ያህል ይራራቅ ነበር። የአውሮፕላኑ ተሳፋሪ ስሙ ተመዝግቧል፤ ቤተሰቡ ማን እንደሞተ በዚያው ቀን ያውቃል። ከመናኸሪያው ወጥቶ መንገድ ላይ ሰው የጨመረ ሚኒባስ ሲገለበጥ ግን ሟቹ የሚታወቀው በኪሱ በተገኘው መታወቂያ ወይም በሚጠራው ስልኩ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ካለ፣ የተሳፋሪ ስም ዝርዝር በዚህ መናኸሪያ እንዴት እንደሚያዝ፣ መንገድ ላይ የተጨመረውስ ማን ዘንድ እንደሚመዘገብ ቢያጠና ከእኔ በኩል የሚቻለኝን አግዛለሁ።