ቺንጋው ሲጮህ

ወገኖች፣ ዛሬ ስለ መኪና ቺንጋ እንነጋገራለን። ቺንጋ ሞተሩ ዲናሞውን የሚያዞርበት ጠፍር ነው። ዲናሞው ደግሞ ባትሪውን ይሞላል።

ባለፈው ክረምት ምጥ የያዛትን እህታችንን በሌሊት በመኪና ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። በመንገድ ላይ መብራቱ እየደከመ ሄደና ጠፋ። የቀረውን መንገድ በቃሬዛ ተሸከምናት። ደግነቱ በሰላም ተገላገለች። ቺንጋው ግን ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሲጮህ ነበር። ሰምተን ዝም አልን።

ቺንጋ የሚጮኸው ሲላላ፣ ሲያረጅ ወይም ዘይት ሲነካው ነው። ያን ጊዜ ይንሸራተታል፤ ዲናሞውን በደንብ አያዞርም።

እንዴት እንወቅ? መጀመሪያ ሞተሩ ይጥፋ። ቺንጋውን መሀሉ ላይ በአውራ ጣት እንጫን። 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ ደህና ነው። ከዚያ በጣም ካለፈ ይጥበቅ። ከተሰነጠቀ ይለወጥ። ዘይት ግን አንቀባው። ጩኸቱ ቢጠፋም መንሸራተቱ ይብሳል።

ቀጥሎ ሞተሩ ተነሥቶ መካኒኩ ባትሪውን ይለካ። የ12 ቮልት ባትሪ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት አለበት። ቺንጋው ደህና ሆኖ ልኩ ካነሰ፣ ዲናሞውና ሽቦው ይታይ።

እንግዲህ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ሳይውል ሳያድር ለሾፌሩ ይንገር።